ፀሐይ ያላየው ተረከዝ

የድሬ መጋላን ሰው አንገት ጠዋት ጠዋት የምቀባው እኔ ነኝ። ዚያድ እባላለሁ፤ የሠፈራችን የፀሐይ ቅባት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሰዉ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይሰለፋል፣ ኮሌታውን ያላላል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ከጆሮ ጀርባ ጀምሬ እስከ ትከሻ እለቀልቀዋለሁ። ፊቱንና እጁን ሁሉም ራሱ ይቀባል፤ አንገትና ጀርባ ግን ሰው ይፈልጋል። መመሪያው «ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ በሙሉ» ስለሚል እግር ላይ ስንደርስ ቁርጭምጭሚት ላይ እናቆማለን። ከዚያ በታች ጫማ አለ።

የተቀባ ሰው ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ የቆመው በጥላ ሸራ የተሸፈነው ጎዳና መግቢያ ላይ ሲሆን፣ በሰው ፊት ቁመት ልክ የቆዳ በሽታ የሚፈልግ አንድ የካሜራ ዓይን አለው። ሰው ፊቱን ያሳያል፣ ክንዱን ያገላብጣል፣ አንገቱን ያዘነብላል። አረንጓዴ ከበራለት ወደ ሥራው ያልፋል። ቀይ ከበራበት አምቡላንስ ይመጣል፤ ጀንበር ሳትጠልቅም ሐኪም ቆዳውን ያየዋል። ሐቁን እንናገር ከተባለ በሩ ብዙ ሰው አድኗል።

ሌላው ሰው ይህን ኑሮ የለመደው ሁሉም ከፀሐይ እንዲጠለል ካስገደደው የጥላ ሕግ በኋላ ነው። እኔ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ ነበርኩበት፤ አልቢኖ ነኝ። ልጅ ሳለሁ በጠራራ ፀሐይ ባርኔጣ አድርጎ፣ ረጅም እጅጌ ለብሶና ጃንጥላ ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ በሠፈሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹ «አንተ፣ ዝናቡ የታለ?» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ኋላ ፀሐይዋ ከፋችና አገሩ ሁሉ እንደ እኔ ለበሰ። እነዚያው ልጆች ዛሬ ሸምግለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ፊቴ ይቀመጣሉ። ቂም የለኝም። ቅባቱን ብቻ ትንሽ አቀዝቅዤ ነው የማሳርፍባቸው።

ድሬ ድሮም ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ ትተኛ ነበር። ያን ጊዜ የሌላ አገር ሰው ሰነፎች ይለን ነበር። አሁን ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት አገሩ በሙሉ በሕግ ይተኛል። መጥቶ ይቅርታ የጠየቀን ግን እስካሁን የለም።

እኛ ቀትሩን የምናሳልፈው ሸምሱ ቤት ነው። ከምቀባቸው ሰዎች ሁሉ ሰፊው አንገት የሸምሱ ነው። ባቡር ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው መብላት፣ መቀለድና የጫት በርጫ መሰብሰብ ሆኗል። በሩ አንድ ቀን እንኳ ቀይ አብርቶበት አያውቅም። «የእኔ ቆዳ እኮ የሕፃን ነው አቦ» ይላል፣ ስቀባው። ሸምስ በዐረብኛ ፀሐይ ነውና ስሙ ፀሐይ፣ ቆዳው ጥላ የሆነ ሰው እያልን እንቀልድበታለን።

ቤቱ ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እናወልቅና ፍራሹ ላይ ደገፍ እንላለን። ሸምሱ ታዲያ እግሩን አጥፎ ጭኑ ስር ይደብቀዋል። አባቱ «ውስጥ እግርህን ለሰው አታሳይ፤ ስድብ ነው» ብለው ነው ያሳደጉት። ሁላችንም እንዲያው ተብለን ነው ያደግነው፤ እንደ እሱ የጠበቀው ግን የለም። እግሩ ቢደነዝዝበት እንኳ እኛ ፊት አይዘረጋም። ተነስቶ ጓሮ ይሄድና ብቻውን ዘርግቶ ይመለሳል።

ሚስቱ ሩቂያ የጥላ ሸራ ሰፊ ናት። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። አንድ ጊዜ የገበያው ሸራ በነፋስ ተቀደደና የጥላ ጽሕፈት ቤቱ «ተራ ጠብቁ» አለን። እሷ መሰላልና መርፌዋን ይዛ መጣች፣ ጎዳናው መሐል ወጥታ ሰፋችው፣ ከዚያም ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዳ የክሩን ዋጋ አስመለሰች። በሠፈሩ «ሩቂያ ከምትለምንህ ብትሰድብህ ይሻላል» ይባላል። ስድቧ ያልፋል፤ ልመናዋ ግን እሺ እስክትል ድረስ አያልፍም።

አንድ ቀን የቀትሩ ሰዓት አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ጫማዬን ስፈልግ ቀረሁ። ሩቂያ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ።

«ዚያድ፣ ድምፅህን ሳታሰማ ና።»

ሸምሱ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሰው ሲተኛ ጨዋነቱም ይተኛል፤ ግራ እግሩ ከአንሶላው ወጥቶ ተዘርግቷል። ውስጥ እግሩ ላይ የሂና ቀለም ነበር። የድሬ ሰው ለሙቀትና ለንቃቃት ውስጥ እግሩን ሂና ይቀባል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ሂናው ለቆ ወደ ብርቱካንማነት ሄዷል። ተረከዙ ላይ ግን አንድ ጥቁር ነገር አልለቀቀም።

«ሂና ነው ይለኛል» አለች። «ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ሂና ነው ይለኛል። ሲለቅ እላዩ ላይ ደግሞ ይቀባል። እኔም አመንኩት።»

ጎንበስ አልኩ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ጠርዙ እንደፈሰሰ ሻይ ወዲያና ወዲህ ሄዷል፤ በአንድ በኩል ጥቁር ነው፣ በሌላው ቡናማ። እኔ ፀሐይ ባመጣብኝ በሽታ ከቀኝ ጆሮዬ ቁራሽ ሥጋ ያስወሰድኩ፣ አንገቴም ላይ የተቀደድኩ ሰው ነኝ። ስሙን ባላውቀው እንኳ የመጥፎ ነገር መልክ አይጠፋኝም።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ይየው።»

«ፊትህ እኮ አውቋል» አለችና አንሶላውን መልሳ እግሩ ላይ ጣል አደረገች።

በማግስቱ ክር ልትገዛ መስላ አወጣችውና የቆዳ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። እንግዳ የሚቀበለው ልጅ ኢዮስያስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት፣ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» የሚል ነው። ድሬ ውስጥ ይህ ቃል ለሼህና ለቄስ ካልሆነ ከኪስ አይወጣም።

የሸምሱን ፊት በማሽኑ አየና ፈገግ አለ። «እርስዎ አረንጓዴ ነዎት» አለው፣ እንደ ምሥራች።

«እግሩን እንድታዩልኝ ነው የመጣሁት» አለች ሩቂያ።

«እናቴ፣ ሐኪሞቹ የሚያዩት ቀይ የበራባቸውን ብቻ ነው። ለአረንጓዴ ሰው ተራ የምሰጥበት መንገድ ራሱ የለኝም።»

«በሩ እግሩን አላየውም እኮ።»

«እግር ፀሐይ አያገኘውም እኮ» አለ ልጁ፣ ረጋ ብሎ። ከኋላው ግድግዳው ላይ በትልቁ «ጥላ ያለበት ጤና አለበት» ተብሎ ተጽፏል። ሩቂያ ጽሑፉን አየች፣ የባሏን ጫማ አየች። የግል ሐኪም ከጥላ ሕግ ወዲህ ቆዳ አይነካም። ሐረር ቢኬድም አዲስ አበባ ቢኬድም በሩ ያው አንድ ዓይነት በር ነው።

ኢዮስያስ አዘነላትና ሊያጽናናት ፈለገ። «በሩ ላይ ቀይ ይብራና ግዴለም፣ አምቡላንሱን ይዤ የምመጣው እኔ ራሴ ነኝ» አላት።

ልጁ ለአፉ ያህል ነው የተናገረው። ሩቂያ ግን ቃሉን ያዘች። ስትይዝ አየኋት።

በመንገድ ላይ ሸምሱ እፎይ ብሎ ነበር። «አየሽ አይደል? አረንጓዴ ነኝ። ሂና ነው አልኩሽ።»

«ነገ ጠዋት እግርህን ለበሩ ታሳያለህ» አለችው።

ቆመ። እየቀለደች መሆኗን ለማወቅ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ ቀድሞን ተራመደ። ቤት ሲገባ ግን ፈነዳ።

«ሰው ፊት? ሼህ ኢድሪስ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነው የሚሰለፉት። እሳቸው ቆመው እያዩ ውስጥ እግሬን ወደ ላይ ላንሳ? አባቴ ምን ብለው ነው ያሳደጉኝ?»

«አባትህ አላህ ይዘንላቸው፣ ሞተዋል። አንተ ገና አለህ።»

«የጎረቤት መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው።»

«አዎ» አለች። «ይሳቁብህ። ቀብረውህ ከሚያለቅሱ ቆመህ ይሳቁብህ።»

ሸምሱ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ እግሩን ሊያጥፍ ጀመረና ተወው። ይህን ሰው ያለ ቀልድ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ፈርቻለሁ ሩቂያ» አለ። «እኔ ብቻ ሳየው ሂና ነው። በሩ ካየው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።»

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔም ፈርቻለሁ። እንዲያውም ፈርቼ ነው የምሄደው» አለችው። ከዚያ ውሃ አሙቃ፣ ሎሚና ሳሙና ይዛ መጣችና የቀረውን ሂና ከተረከዙ ላይ ማሸት ጀመረች። ብርቱካንማው እየጠራ ሄደ። ጥቁሩ እዚያው ነበር።

በነጋታው ቅባት ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ ሄድኩ። ሁለቱ የበርጫ ጓደኞቻችን፣ ወንድማማቾቹ ቶፊቅና ነስሩ፣ አብረውን መጡ። ሁለቱም በጉልምስናቸው ሲሚንቶ ተሸካሚ ስለነበሩ ክንዳቸው አሁንም ይታመናል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሼህ ኢድሪስ እንደተፈራው ከኋላችን ቆመዋል።

ተራችን ሲደርስ ሸምሱ ትከሻዬን ይዞ የተቻለውን ያህል እግሩን አነሳ። እግሩ ወገቡ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ቦርጩ አለ። ቶፊቅና ነስሩ ብድግ አድርገው እግሩን ወደ ዓይኑ አስጠጉት።

በሩ በለስላሳ ድምፁ «ፊት አልተገኘም» አለ። «እባክዎ በትክክል ይቁሙ።»

አወረድነው። ፊቱን አሳየና ወዲያው እግሩን አስከተልን። በሩ መጀመሪያ የሸምሱን ስም ጠራ፣ ቀጥሎ ረሳው፣ እንደገና ፊት ጠየቀ። ያን ጊዜ ገባን። ፊቱና ተረከዙ በአንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ይህ ሰው ደግሞ ጫማውን ለማሰር እንኳ ሩቂያን የሚጠራ ሰው ነው።

«እንደ ፍራሽ እንጠቅልለው» አለ ነስሩ። ሌላ ሐሳብ የነበረው አልነበረም። ቶፊቅ ከወገቡ፣ ነስሩ ከጉልበቱ፣ እኔ ከትከሻው ይዘን ስናጥፈው ሸምሱ እንደ አሮጌ አልጋ አቃሰተ። ባርኔጣዬ ወደቀ። ሩቂያ ከሁሉ በፊት እሱን አንስታ ጭንቅላቴ ላይ ጫነችልኝ። «አንድ በሽተኛ ይበቃኛል» አለች።

ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ሸምሱ ግን ሰማ። ዓይኑ ከሕዝቡ ዓይን ጋር፣ ከሁሉም በላይ ከሼህ ኢድሪስ ዓይን ጋር ገጠመ። ስናገላብጠው ውስጥ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ እሳቸው ዞሯል። በአንድ ጊዜ ሰውነቱ ተፈታና እግሩን ከእጃችን መነጨቀ።

«ይቅር። አውርዱኝ። ቤቴ ልግባ።»

መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን በእጁ መዳበስ ጀመረ። ሩቂያ ጫማውን በእግሯ ገፋችው። ሼህ ኢድሪስ ቀስ ብለው ቀረቡ። ሰልፍ ማጓተት የማይወዱ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። እንደሚቆጡ ጠበቅኩ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

«ሸሁ፣ የባሌ ተረከዝ ላይ መጥፎ ነገር ወጥቷል» አለች ሩቂያ። «ሐኪም እንዲያየው መጀመሪያ በሩ ማየት አለበት። እሱ ደግሞ ውስጥ እግሩን እናንተ ፊት ማንሳት ነውር ሆኖበት ነው።»

ሸምሱ ቀና አላለም። ሼሁ የእሱን አናት ትንሽ አዩት። ምክርም ፈትዋም አልሰጡም። በከዘራቸው ተደግፈው ዞሩና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ወደ ተራራው መመልከት ጀመሩ።

ከእሳቸው ኋላ ያለችው ሴትዮ ሼሁን አየችና ዞረች። ቀጥሎ ያለው ዞረ። የሳቁትም ዞሩ፤ ምን እንደተፈጠረ ያልሰሙት የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያሉትም ሌላው ስለዞረ ዞሩ። ጎዳናው ላይ አንድም ፊት አልቀረም። የቀረው በዚያን ዕለት ጠዋት የተቀባ አንገት ብቻ ነበር፤ ገና ያልደረቀ፣ የሚያብለጨልጭ አንገት። ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህን አንገቶች ነክቻለሁ። የዚያን ቀን ያህል ወድጃቸው አላውቅም።

«ተነስ» አለችው ሩቂያ። «የሚያይህ የለም።»

ሸምሱ ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። ከዚያ ራሱ እጁን ዘረጋልን።

አነሳነው፣ አጠፍነው። ሩቂያ ተረከዙን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ጉንጩ ሳበችው፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ሸምሱ ጥርሱን ነከሰ። ፊቱና ተረከዙ በዓይኑ ፊት ጎን ለጎን ሆኑ። በሩ ስሙን ጠራ፤ ከዚያም ዝም አለ። ለሌላ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ነስሩ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ እያነበነበ ነበር።

ቀይ በራ።

«በራ?» አለ ሸምሱ፣ ከታጠፈበት ሆኖ።

«በራ» አለች። ቀስ ብለን አወረድነው። እሷም እግሩን ሳትለቅ አብራ መሬት ላይ ተቀመጠችና ያኔ አለቀሰች። በሰው ላይ ቀይ ሲበራ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ኢዮስያስ እንዳለው አምቡላንሱን ይዞ መጣ። ማሽኑን ይዞ ተረከዙን አየ፣ እኛን አየ፣ ማሽኑን አየ። «በሽታው የተገኘበት ቦታ» የሚለው ላይ ያለው ምርጫ ፊት፣ አንገትና ክንድ ብቻ ነው።

«የት ልበል?» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ፊት በል» አለችው ሩቂያ። «ፊቱ ጋ አይደል የተገኘው?»

ፊት ተብሎ ገባ።

ጀንበር ሳትጠልቅ አንዲት ሐኪም አየችው፤ በሳምንቱ ጥቁሩ ነገር ከተረከዙ ተቆርጦ ወጣ። ስሙ የከፋ የቆዳ ካንሰር ዓይነት ነበር፤ ግን ገና ንፍፊቱ ጋ አልደረሰም። ሐኪሟ ለሩቂያ እንዳስረዳቻት ይህኛው ፀሐይ የማይፈልግ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ስር ይወጣል።

«ታዲያ ለምን አታዩትም?» አለቻት ሩቂያ።

«የሚላክልኝን ነው የማየው» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ሳታሸሽ። የእሱ በሽታ ፀሐይ አልፈለገም ማለት ግን ፀሐይ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። የማያምን መጥቶ ጆሮዬን ይመልከት።

ከተረከዙ የተወሰደውን በጭኑ ቆዳ ተኩለት። ሩቂያ እሱን ከማስታመም ጎን ለጎን በሩ እግርም እንዲያይ የጥላ ጽሕፈት ቤቱን ያዘችው። የበሩ ዓይን አሁንም በፊት ቁመት ልክ ነው፤ ጉዳዩ «በጥናት ላይ» ነው ተብላለች። ጥናቱ እስኪያልቅ ግን አልተቀመጠችም። አንድ ጠዋት ለሸራ ስፌት የምትቀመጥበትን ዱካ ተሸክማ ቅባት ቤት ገባችና ከወንበሬ ፊት አስቀመጠችው።

«ከቁርጭምጭሚት በታች ማን ያያል?» አለችኝ።

«መመሪያው...» አልኩ።

«መመሪያውን አልጠየቅኩህም።»

ዱካው ብዙ ቀን ባዶውን ተቀመጠ። ሰዉ ተቀብቶ ሲነሳ አየት ያደርገውና ያልፈዋል። አንገት መስጠት ሌላ ነው። ውስጥ እግርን ሰው ፊት፣ ያውም ከአፍንጫው ስር ማንሳት ግን ሌላ ነው። ሩቂያ በየቀኑ እየመጣች አቧራውን ታራግፍና ትሄዳለች። እኔ ላወጣው ባስብም አልደፈርኩም።

አንድ ቀን፣ ሰልፉ በሞላበት ሰዓት፣ ሸምሱ በክራንች መጣ። ሲታመም ከስቷል፤ አንገቱ ጠቧል። ዱካው ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ። ከዚያ ያ እግሩን ጓሮ ሄዶ ይዘረጋ የነበረው ሰው፣ ሠፈሩ ሁሉ እያየ፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊቴ ዘረጋው።

«እየው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ተረከዜ ላይ ጭን አለኝ። ፀጉር ሁሉ አብቅሏል አቦ።»

አየሁለት። ጠባሳው ንጹሕ ነበር። የጣቶቹን መሐልና ጥፍሮቹንም አየሁ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም ፊቱን አላዞረም።

እሱ ሲነሳ ሼህ ኢድሪስ ከሰልፉ ወጥተው መጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ካልሲያቸውን ለማውለቅ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ቀኝ እግራቸውን ወደ እኔ አነሱ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ተረከዙን፣ መሐሉን፣ የእያንዳንዱን ጣት ስር አየሁ። ምንም የለበትም። እግራቸውን መልሰው ካልሲውን ሊያጠልቁ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሸሁ፣ ሌላኛውንም» አልኳቸው።